አበባው ለረጅሟ

ሰኔ 3 ቀን 1978፣ ማክሰኞ

ልጻፈው ወይስ ይቅር... ለማንም ተናግሬው አላውቅም። አንዳቸውንም አይቼ አላውቅም።

የቴሌቪዥኑን ዘፋኞች ማለቴ ነው። ከየክፍለ ሀገሩ ተወዳድረው ለመጨረሻው ዙር የደረሱትን አምስቱን። ከተማው ሁሉ የሚያወራው ስለነሱ ነው። እኔም ከኩልሚዬ ጋር አወራለሁ። አባቷ ሱቅ በረንዳ ላይ፣ ከልብስ ሰፊው አጠገብ ተቀምጬ የሸሚዝ ቁልፍ እየተከልኩ... ማን የትኛውን ዘፈን እንደዘፈነ፣ ማን የት ጋ ትንፋሽ እንዳጠረው፣ ማን ከሙዚቃው ቀድሞ እንደገባ። ሁሉንም አውቃለሁ። «አንቺ እኮ ከኔ በላይ ታውቂያለሽ» ትለኛለች። የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ፣ ኋላ ተቀምጬ የማይ ይመስላታል።

እኔ ግን ውጪ ነኝ። በጀርባ በኩል፣ ኒሙ ዛፍ ስር። መስኮቱ ከራሴ በላይ ነው፤ ድምፅ ብቻ ነው የሚወጣበት።

ለምን አልገባም? አንድ ቀን ገብቼ ነበር። ዘግይቼ ደረስኩና በቴሌቪዥኑና በሰው መሀል ቆምኩ። አዳራሹ በሙሉ ጮኸብኝ። «ጎንበስ በይ!» «አንቺ፣ ከመስታወት ነው እንዴ የተሠራሽው?» ጓድ ገብረ መድኅን፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር፣ የእጅ ባትሪውን ፊቴ ላይ አበራው። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አሁንም ሳስበው ጆሮዬ ይግላል። ከዚያ ወዲህ መስኮቱ ይሻለኛል።

ቅዳሜ የመጨረሻው ነበር። አስካለማርያም አንደኛ ወጣች። ጭብጨባው አዳራሹን ሊያፈርሰው ደረሰ። ድምፅዋ ጥሩ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ አልክድም። የኔ ግን እሷ አይደለችም። የኔ አምስተኛ የወጣችው ናት። የኔነሽ። ስትጀምር ድምፅዋ ከታች ነው። ከጥልቅ ጉድጓድ ውሃ እንደሚቀዳ ሰው ቀስ እያለች ትስበዋለች፤ ይፈስሳል ብዬ እፈራለሁ... አይፈስም። ወንድሟ ርቆ ስለሄደባት እህት ነው የምትዘፍነው። እኔ ወንድም የለኝም። ግን ስሰማት ያለኝና የሄደብኝ ይመስለኛል።

አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። እሷ በዘፈነች ቁጥር አዳራሹ ይስቃል። ሁልጊዜ! እኔ ውጪ እንባዬን እጠርጋለሁ፣ እነሱ ውስጥ ይንከተከታሉ። ምን ያስቃቸዋል? ኩልሚዬን እንዳልጠይቃት ውጪ መሆኔ ይታወቃል።

እማዬ ከፋብሪካ ፈረቃዋን ጨርሳ መጣች። እራት ላቅርብ።


ሰኔ 5 ቀን፣ ሐሙስ

ይመጣሉ!

ኩልሚዬ ከመጋላ እስከ ቤታችን በሩጫ ነው የመጣችው። አፏን መዝጋት አቅቷት ነበር። ጓደኛውን እንደሚጠራ የድሬ ልጅ ሁሉ «ናያ» ነው የምትለኝ።

«ናያ! ናያ ማዘንጊያ! ሰማሽ?»

«ምኑን?»

«ድሬ ሊመጡ ነው! አምስቱም! ወላሂ አባቴ ይሙት! በባቡር፣ ከነሙዚቃቸው። ከዚራ ሲኒማ ቤቱ ውስጥ ነው የሚዘፍኑት። ገቢው በድርቅ ለተጎዱት ነው።»

የሚቀጥለው ሐሙስ ይገባሉ። ቅዳሜ ያሳያሉ። ግን መግቢያ ካርዱ ለየቀበሌው ተቆጥሮ ነው የመጣው፤ የኛው ገና ሳይወራ አልቋል። ኩልሚዬ በአባቷ በኩል አግኝታለች። እኔን ስታይ ፊቷ ቅር አለው። «ኢንሻአላህ ላንቺም ይገኛል» አለች። ከየት ይገኛል?

የኔነሽ እዚሁ ከተማ ትዘፍናለች። ያለ ቴሌቪዥን፣ ያለ መስኮት። እኔ ደግሞ ቤት ቁጭ ብዬ... ሲኒማ ቤቱ መስኮት አለው እንዴ? ነገ አልፌ አያለሁ።


ሰኔ 6 ቀን፣ ዓርብ

የለውም።


ሰኔ 7 ቀን፣ ቅዳሜ

ዛሬ ጓድ ገብረ መድኅን ቤታችን መጣ። በሩን ሲያንኳኳ እማዬ ደነገጠች፤ ሊቀመንበር ቤት ድረስ ሲመጣ ማን አይደነግጥም። ውሃ ሰጠችው። ቆሞ ጠጣው።

«እትዬ፣ እንግዶቹን ጣቢያ ሄዶ የሚቀበለው የኛ ቀበሌ ሆኗል። አንደኛ ለወጣችው እቅፍ አበባ የምትሰጥ ልጅ ያስፈልገናል። የእርስዎን ልጅ አስበናል።»

«ማዘንጊያን?» አለች እማዬ። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ነበርኩ።

«ቁመና አላት፣ ጨዋ ናት። ከሁሉም በላይ አፏን አትከፍትም። ባለፈው እንግዳ ሲመጣ አበባ የሰጠችው ልጅ ዝም ብላ ሰጥታ በመመለስ ፈንታ ንግግር ጀመረች። ስለ ውሃ እጥረት! የእርስዎ ልጅ ግን ምንም አትናገርም አይደል?»

«ምንም!» አለች እማዬ፣ በኩራት።

ካርድም አለው አለ። አበባ የምትሰጠዋ ልጅ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ትቀመጣለች። ይህን ስሰማ ሳላስበው ከመጋረጃው ወጣሁ።

«አስካለማርያምን መቼም ታውቂያታለሽ» አለኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። አንገቴ ነው የዋሸው፤ አፌ ምንም አላለም።

ምን አድርጌያለሁ?


ሰኔ 9 ቀን፣ ሰኞ

ልምምድ። በኒም ቅጠል። አስካለማርያምን ሆኖ የቆመው ጓድ ገብረ መድኅን ራሱ ነው። እኔ ሰው ከሚቆምበት ገመድ እነሳለሁ፣ በዝግታ እሄዳለሁ፣ ጎንበስ ብዬ ቅጠሉን እሰጣለሁ። እሱ ደረቱ ላይ ያቅፈውና ለሰው እጁን ያውለበልባል። የቀበሌው ኪነት ቡድን ልጆች ከበሮ ይዘው ሆዳቸውን እየያዙ ይስቃሉ።

ስንመለስ ኩልሚዬን ቀስ ብዬ ጠየቅኋት።

«እስቲ አስካለማርያም ምን ትመስላለች በይ።»

«አታውቂያትም?»

«አንቺ እንዴት እንዳየሻት ልስማ ብዬ ነው...»

«ረጅም ናታ! የስልክ እንጨት! ፊቷም እንዲህ ወደ ታች ይረዝማል፣ ቀጭን፣ አንገቷ የግመል።»

«ቀሚሷስ ምን ዓይነት ነው?»

«ግራጫ።»

«ሌሎቹስ?»

«አቦ ተይኝ! ሁሉም ግራጫ ናቸው። እዚያ ቴሌቪዥን ውስጥ ባንዲራችንም ግራጫ ነው።»

ጓድ ገብረ መድኅንም ሲሰናበተን ተናግሯል። «ከሁሉም የምትረዝመዋን ነው። ልትሳሳቺ አትችይም።»

ረጅሟን። ረጅሟን። ከሁሉም የምትረዝመዋን። ይህን እንኳ አላጣውም።


ሰኔ 12 ቀን፣ ሐሙስ

 ከመጀመሪያው ልጀምር።

ጠዋት ይገባል የተባለው ባቡር ከቀትር በኋላ ነው የገባው። ፀሐዩ አናታችን ላይ ቆሞ። ቀይ ጨርቅ ላይ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ተጽፎ ተዘርግቷል። አበባው ከድሬዳዋ ዛፍ የተቆረጠ ነው፣ ቀዩ፤ መሀሉ ላይ ነጭ አበባ ከአንዱ ግቢ ተለምኖ ተጨምሮበታል። እየጠወለገብን በጆግ ውሃ እንረጨው ነበር። ክንዴ እስከ ክርኔ ርሷል።

ባቡሩ ቆመ። ሰው፣ ጆንያ፣ ሰው፣ ዶሮ... ከዚያ ከመሀለኛው ፉርጎ አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ ከበሩ ወጣች። ጎንበስ ካላለች በሩ ይመታታል። ወርዳ ቀና ስትል ከከበቧት ሁሉ በላይ ሆነች። ቀጭን። አንገቷ ረጅም። ኩልሚዬ እንዳለችው።

«ያቻት!» አለ ሰው። «ያቻት!» አለ ጓድ ገብረ መድኅንም፣ ጀርባዬን ገፋ አደረገኝ። የኪነቱ ልጆች ከበሮውንና አኮርዲዮኑን ጀመሩ።

ሄድኩ። ሰጠኋት። እሷ መጀመሪያ ወደ ኋላዋ ዞራ አየች፤ ለሌላ ሰው የመጣ መስሏት። ማንም የለም። ከዚያ ተቀበለችኝ፣ ፊቷን አበባው ውስጥ ቀበረችው። ስትመለከተኝ ዓይኗ... እንዴት ልጻፈው? ማንም ምንም ሰጥቷት የማያውቅ ሰው ዓይን ነበር።

ጓድ ገብረ መድኅን ንግግሩን ቀጠለ። «ከመላ አገሪቱ ወጣቶች አንደኛ የወጣሽው ጓድ አስካለማርያም...»

እሷ ቀስ ብላ «እኔ አይደለሁም» አለች።

አጠገቧ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ። እኔ ብቻ ሰማሁ። ሁለት ቃል። ከታች የሚመጣ፣ ቀስ ብሎ የሚሳብ...  የኔነሽ ናት! በመስኮት የማውቃት። ደስ አለኝ። ለአንድ አፍታ ብቻ፣ ሌላው ሁሉ ጠፍቶብኝ፣ ደስ አለኝ።

ከኋላዋ አንዲት አጭር፣ ደንደን ያለች፣ ጥቁር መነጽር ያደረገች ሴት ሻንጣዋን እየጎተተች ወረደች። «ወይ ጉድ! አስካለማርያም እኔ ነኝ። ማንን ነው የምትቀበሉት?» ብላ ሳቀች። በክፋት አልነበረም። ግን ሰው ሁሉ ሰማ። መጀመሪያ ጭብጨባው ቆመ፣ ቀጥሎ አኮርዲዮኑ፣ ከበሮ መቺው ደግሞ ዘግይቶ ስለገባው ብቻውን ጥቂት መታ።

ጓድ ገብረ መድኅን ጆሮዬ ላይ መጣ። «ተቀበያት።»

አልገባኝም።

«አበባውን! ተቀብለሽ ለሷ ስጪ!»

«ይቅር፣ ትያዘው» አለች አስካለማርያም።

«አይሆንም! ፕሮግራም ነው!»

ተቀበልኳት። በዚሁ እጄ። ጣቶቿ ወዲያው ነው የተከፈቱት፣ ምንም አልያዘችኝም። እንዲያውም አበባው እንዳይረግፍ ከታች ደገፍ አደረገችልኝ። «ምንም አይደል እህቴ» አለችኝ። አንድ ቀይ ቅጠል ደረቷ ላይ ተጣብቆ ቀረ። ላብ ነበራት። እሷ አላየችውም።

ለሌላዋ ሰጠሁ። ተጨበጨበ። ቤት እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም።

እማዬ «ምን ሆነሻል?» አለችኝ። «ፀሐይ መታኝ» አልኩ።


ሰኔ 13 ቀን፣ ዓርብ

ጠሩኝ። የወጣት ማኅበሩ ሂስና ግለ ሂስ። ቀበሌውን በእንግዳ ፊት አሳፍሬያለሁና ተነስቼ ራሴን መተቸት አለብኝ። ካላደረግሁ ካርዱ ይቀራል።

አዳራሹ ውስጥ ነው። ከባትሪው ቀን ወዲህ ገብቼበት አላውቅም። ቴሌቪዥኑ ከፊት፣ ከፍ ያለ ሣጥኑ ውስጥ ተቆልፎበታል። ጓድ ገብረ መድኅን ከስሩ ተቀምጧል።

«ተነሽ። ስህተትሽን ዘርዝሪ።»

ተነሳሁ። ምንም አልወጣኝም። አግዳሚዎቹ ላይ ሰው መተነፋፈስ ጀመረ። አንዱ ከኋላ «ቴሌቪዥኑን ይክፈቱልንና እሷ ትቁም» አለ። ሳቁ።

«ማነው ያሳሳተሽ?» አለ ሊቀመንበሩ። «ረጅም ናት ብሎ የነገረሽ ማነው?»

ኩልሚዬ ዘላ ተነሳች። «እኔ ነኝ! ግን እርስዎም ብለዋታል! ሰው ሁሉ ብሏል!»

«ተቀመጪ! አንቺም ግለ ሂስ ታደርጊያለሽ። ሆን ብለሽ ነው። የአንቺም ካርድ ይታያል።»

ኩልሚዬ ላይ ሲደርስ አፌ ተከፈተ። እኔ የከፈትኩት አይመስለኝም።

«አይቻቸው አላውቅም» አልኩ። «ቴሌቪዥን አይቼ አላውቅም። ውጪ ነው የምቆመው። መስኮቱ ስር። ኩልሚዬ የምታውቀውን ነገረችኝ እንጂ አላሳሳተችኝም።»

 ኩልሚዬ አፏን ከፍታ ቀረች። እኔ ግን አንዴ ጀምሬአለሁና መቆም አቃተኝ።

«አንድ ነገር ልጠይቅ... የኔነሽ ስትዘፍን ለምንድነው የምትስቁት?»

 ቢሻሮ፣ ወተት የምታመላልሰው ልጅ፣ ከሻርፗ ስር ፍርፍር ብላ ሳቀች። «ጭንቅላት የላትማ!»

አዳራሹ ፈነዳ። እየተቀባበሉ ነገሩኝ። የቀበሌያችን ቴሌቪዥን ስዕሉ ወደ ላይ ይለጠጣል። የሌሎቹ ግንባር ላይ ይቆረጣል። የኔነሽ ረጅም ስለሆነች እሷን አንገቷ ላይ ይቆርጣታል። ቀሚስ ቆሞ ሲዘፍን ነው ያዩት። ያንን ሁሉ ጊዜ። ያ ድምፅ ከየት እንደሚወጣ አንዳቸውም አላዩም።

«ታዲያ...» አልኩ፣ ድምፄ እየቀጠነ ሄደ፣ «አስካለማርያምንም ቴሌቪዥኑ ነዋ ያረዘማት።»

ሳቁ ቆመ። ሰው ሁሉ ሣጥኑን አየ። ቀጥሎ ጓድ ገብረ መድኅንን አየ። የሣጥኑ ቁልፍ እሱ ኪስ ውስጥ ነው፤ ሌላ ማንም አይነካውም። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ይህ ቴክኒካዊ ችግር ነው። ቴክኒካዊ ችግር በግለ ሂስ አይታይም። ስብሰባው ተዘግቷል። ካርዳቸውን ስጧቸው።»

ኩልሚዬ እስከ ቤት አላናገረችኝም። በራችን ላይ ስንደርስ ነው የተናገረችው። «ሁልጊዜ ሻርፔን አግዳሚው ላይ አስቀምጬ ቦታ እይዝልሽ ነበር። ከቢሻሮ ጋር እየተጣላሁ! ስትቀሪ ከኋላ ተቀመጠች እያልኩ...»  ክንዷን ያዝኳት። ቆይታ «ገገማ» አለችኝና ሳቀች።

አሁን ተኝቼ አስባለሁ። የተሰበሰቡት አበባውን ለተሳሳተ ሰው ስለሰጠሁ ነው። ስለነጠቅኋት ማንም አላነሳም። የኔ ስህተት ግን እሱ ነው።


ሰኔ 14 ቀን፣ ቅዳሜ

ጠዋት ከጣቢያው አጥር አጠገብ ካለው ዛፍ አንድ ቅርንጫፍ ለመንኩ። ዘበኛው ራሱ ቆረጠልኝ። «ለሠርግ ነው?» አለኝ። «ለሰው ነው» አልኩት። በርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ከነጠላዬ ስር ይዤው ሄድኩ። ልማዱ አለ እኮ፤ ሰው መድረክ ወጥቶ ዘፋኝ ይሸልማል። ማንም አይከለክለኝም። እሷ ስትዘፍን ተነስቼ እሰጣለሁ። ያሰብኩት ይህን ብቻ ነበር።

ሲኒማ ቤቱ እሳት ነው። ማራገቢያዎቹ የሚያዞሩት ሙቀቱን ነው። ሦስተኛው ረድፍ፣ ከኩልሚዬ ጎን። መጋረጃው ሲከፈት ኩልሚዬ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። «ቀለም አላቸው!» አለች። እውነትም። አስካለማርያም አረንጓዴ ለብሳለች። ክብ ፊት፣ ጉንጯ ላይ ስርጉድ። ስትዘፍን ቤቱ ተነሳ። ሰዉ ተሰልፎ ግንባሯ ላይ ብር ለጠፈላት፣ አንዲት ሴትዮ የራሷን ሻርፕ አንገቷ ላይ ጣለችላት። ይገባታል። እኔም አጨበጨብኩ።

የኔነሽ የመጨረሻዋ ነበረች። ጎንበስ ብላ ከመጋረጃው ስር ወጣች፣ ቀና አለች።

«ጭንቅላቷ መጣ!» አለ አንዱ ከላይ።

የቀበሌያችን ሰው ሁሉ ሳቀ። የሌላው ቀበሌ ሰው ምን እንደሆነ ሳያውቅ አብሮ ሳቀ። እሷ አልገባትም። እጇን አንስታ ፀጉሯን ነካች። የተጣበቀባት ነገር ያለ መስሏት። ፊቷን ጠረገች። እንደገና ፀጉሯን... ሙዚቃው መግቢያዋን አልፎ ሄደ። ቆሙ። እንደገና ጀመሩላት።

ዓይኗን ጨፍና ፊቷን ወደ ጎን አዞረች። ዘፈነች።

በመስኮት የምሰማው ይህን አልነበረም። በመስኮት ድምፅዋ ትልቅ ነበር። እዚህ ያንሳል። እዚህ ግን ትንፋሿ ይሰማል። ከየስንኙ በፊት አየር ስትስብ ጉሮሮዋ ይንቀጠቀጣል፤ ቀሚሷን በሁለት እጇ ጨብጣለች። ይህን ያህል ትፈራለች? እየፈራች ነው ይህን ሁሉ ጊዜ የዘፈነችው? እኔ በጣም ጎበዝ ሰው ይመስለኝ ነበር። እንደኔ ናት። ልክ እንደኔ ናት። ልዩነቱ እሷ ወጥታ ቆማለች።

«ሂጂ» አለች ኩልሚዬ። «ናያ ሂጂ አሁን!»

ተነሳሁ። ቅርንጫፉን ከነጠላዬ አወጣሁ። አንድ እርምጃ...

«ጎንበስ በይ!» አለ ከኋላዬ አንድ ሰው።

ተቀመጥኩ።

እንዲሁ ተቀመጥኩ። እግሬ ሳይጠይቀኝ ታጠፈ። ኩልሚዬ እጇን ዘረጋች። «አምጪው፣ እኔ ልስጥልሽ።» ቅርንጫፉን ጭኔ ላይ አጥብቄ ያዝኩት። አይሆንም። የነጠቅኋት እኔ ነኝ። ኩልሚዬ ብትሰጣት የኩልሚዬ ነው የሚሆነው።

ዘፈኑ አለቀ። ማንም ወደ መድረኩ አልወጣም። መሀሉ ላይ ግን መሳቃቸውን ትተው ነበር፤ መቼ እንደተዉት አላስተዋልኩም። ጥሩ ጭብጨባ ነበር። ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች፣ ጎንበስ ብላ በመጋረጃው ገባች።

ቅርንጫፉ ይኸው አጠገቤ ነው።


ሰኔ 15 ቀን፣ እሁድ

ቅርንጫፉን የወተት ቆርቆሮ ውስጥ ውሃ አድርጌ አቆምኩት። ዛሬ ሳየው የታችኞቹ ረግፈዋል። ጫፉ ላይ የነበሩት እንቡጦች ግን ፈንድተዋል። እማዬ «ለማነው ይህ ሁሉ ጥንቃቄ?» አለችኝ። ሁሉንም ነገርኳት። ከመስኮቱ ጀምሮ። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ፤ ስጨርስ ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ኒሙ ስር ጉንዳን የለም እንዴ?» አለ፣ አልኳት። ሳቀች፣ ቀጥሎ ዓይኗን ጠረገች።

እንግዶቹ ዛሬ ሁርሶ፣ ወታደር ማሠልጠኛው ናቸው። ለሠልጣኞቹ ሊዘፍኑ ጠዋት በወታደር መኪና ሄደዋል። እዚያ ደግሞ ወንድም ያለው፣ እህት ያለው ስንት ሰው አለ... ያቺን ዘፈን ሲሰሙ አይስቁም። ማታ ይመለሳሉ። ነገ ጠዋት በባቡር ወደ አዲስ አበባ።

ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ሄድኩ። ዜና ላይ ደረስኩ። በሩ ላይ ትንሽ ቆምኩ፣ ከዚያ ገባሁ። ኩልሚዬ ሻርፗን ከአግዳሚው አንስታ እጇን አወዛወዘችልኝ። ለመድረስ በፊት በኩል ማለፍ ነበረብኝ።

«ጎንበስ በይ!»

አልጎነበስኩም። ቀስ ብዬ አለፍኩ። ጆሮዬ ጋለ... አለፈ። ተቀመጥኩ። ቀና ብዬ ሳይ ዜና አንባቢው ግንባር አለው። ፀጉርም አለው፤ ትንሽ ገባ ያለ ነው። ጓድ ገብረ መድኅን ሣጥኑን ከፍቶ ስዕሉን መቼ እንዳስተካከለው ማንም አያውቅም፤ ማንም አልጠየቀም። እሱ ደግሞ ወደ እኔ አላየም።

ነገ በጠዋት እነሳለሁ። ጣቢያው በር ላይ «ማንን ልትሸኚ ነው?» ይሉኛል። የኔነሽን፣ እላለሁ። ብዙ ሰው ይኖራል፤ አስካለማርያምን ይከብቧታል። እሷ ከኋላ ሻንጣዋን ይዛ ብቻዋን ትሄዳለች። ስሟን ጮክ ብዬ እጠራለሁ። ሰው መሀል የሰው ስም ጠርቼ አላውቅም። አሁን ቤት ውስጥ ሁለቴ ሞከርኩት፤ እማዬ ከጓዳ «አቤት» አለችኝ።

ስትዞር ምን እላታለሁ? አንቺ ልበላት ወይስ እርስዎ? እሷ እህቴ ብላኛለች። አንቺ እላታለሁ። ጽፌ ጽፌ የቀረኝ ይህ ብቻ ነው፦

«ያን ቀን በስህተት ነው የሰጠሁሽ። ዛሬ ግን ማን እንደሆንሽ አውቄ ነው።»